ሩዶልፍ ዲዝል እና የነዳጅ ምርጫ ጥያቄ

ስለ ታዳሽ ነዳጆች በሚጻፉ ጥናቶች መግቢያ ላይ የሩዶልፍ ዲዝል ስም ደጋግሞ ይነሣል። አንዳንዶቹ ዓለምን ከድፍድፍ ዘይት ጋር ያቆራኘ ሰው አድርገው ያቀርቡታል። ሌሎቹ ደግሞ ሞተሩን ገና ከጅምሩ ለኦቾሎኒ ዘይት አስቦ የሠራና ሐሳቡን ኋላ በነዳጅ ነጋዴዎች የተነጠቀ ባለራእይ ያደርጉታል። ሁለቱም አቀራረቦች የሰውየውን ሥራ በቅርበት ለሚመረምር አይጸኑም። ይህ አጭር ጽሑፍ የዲዝልን ሕይወት በመከተል ለማሳየት የሚሞክረው አንድ ነገር ነው፦ ሰውየው ዕድሜውን የሰጠው ሙቀትን በአነስተኛ ብክነት ወደ ሥራ ለመለወጥ እንጂ ለአንድ የተለየ ነዳጅ አልነበረም። ሞተሩ ምን እንደሚያቃጥል የወሰኑት በአብዛኛው ከእርሱ እጅ ውጭ የነበሩ ነገሮች ናቸው። በአገራችን ነዳጁን ናፍጣ፣ ሞተሩን ደግሞ የዲዝል ሞተር ማለታችን ከዚህ አንጻር ሲታይ ሁለቱንም በአንድ ስም ከሚጠሩት የአውሮፓ ቋንቋዎች ይልቅ ለታሪኩ የቀረበ አጠራር ነው። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተቀመጡ ናቸው።

ዲዝል መጋቢት 18 ቀን 1858 በፓሪስ ከተማ ከባቫሪያ ከሄዱ ወላጆች ተወለደ። አባቱ ቴዎዶር መጽሐፍ ጠራዥና የቆዳ ዕቃ ሠሪ ነበር። በ1870 የፈረንሳይና የፕሩሺያ ጦርነት ሲነሣ ጀርመናውያን ከፓሪስ እንዲወጡ በመገደዳቸው ቤተሰቡ ወደ ለንደን ተሰደደ። የአሥራ ሁለት ዓመቱ ልጅም ከዚያ በአውግስቡርግ ከተማ የሒሳብ መምህር ወደ ነበረው ዘመዱ ወደ ክሪስቶፍ ባርኒክል ተላከ። በዚያ በሙያ ትምህርት ቤት ተምሮ በከፍተኛ ውጤት ካጠናቀቀ በኋላ በ1875 በነጻ የትምህርት ዕድል ሙኒክ ወደሚገኘው የባቫሪያ ንጉሣዊ ፖሊቴክኒክ ገባ።

በሙኒክ ያገኘው መምህር ካርል ሊንዴ ነው። ሊንዴ የማቀዝቀዣ ማሽን ፈልሳፊ ሲሆን በ1895 አየርን በብዛት ወደ ፈሳሽነት የመለወጥን ዘዴ በሥራ ላይ ያዋለ ሰው ነው። በ1878 ገደማ ስለ ቴርሞዳይናሚክስ ባስተማረበት ወቅት የዘመኑ የእንፋሎት ሞተሮች ከነዳጁ ሙቀት ወደ ሥራ የሚለውጡት ከመቶው ከስድስት እስከ አሥር ያህሉን ብቻ መሆኑን ለተማሪዎቹ አስረዳ። ዲዝል ይህን በሰማበት ጊዜ በደብተሩ ኅዳግ ላይ የካርኖን ዑደት በተግባር ማዋል ይቻል እንደሆነ መመርመር እንዳለበት ለራሱ ማስታወሻ ጻፈ። የሕይወቱን ሥራ ከዚያች ማስታወሻ መጀመር አግባብ ይመስለኛል። ጥያቄው የተነሣው ስለ ብክነት ነው፤ ስለ ምን ዓይነት ነዳጅ አልነበረም።

በ1879 በታይፎይድ ታሞ የመመረቂያ ፈተናው ያመለጠው ዲዝል በመካከል በስዊዘርላንድ ቪንተርቱር ከተማ በሱልዘር ወንድማማቾች የማሽን ፋብሪካ የተግባር ልምድ ቀሰመ። በጥር 1880 በከፍተኛ ማዕረግ ተመርቆ ወደ ትውልድ ከተማው ወደ ፓሪስ ተመለሰና የሊንዴ ማቀዝቀዣዎች በሚሠሩበትና በሚሸጡበት ድርጅት ተቀጠረ። በዓመቱ የድርጅቱ ኃላፊ ሆነ። በ1881 ያገኘው የመጀመሪያ የፈጠራ ባለቤትነት መብትም ጥርት ያለ በረዶ ለመሥራት በሚያስችል ዘዴ ላይ ነው። በ1883 ማርታ ፍላሽን አግብቶ ሦስት ልጆች ወለዱ።

የሙቀት ሞተር ሰው የምንለው ዲዝል ሥራውን የጀመረው በቅዝቃዜ መሆኑ ለዛሬው አንባቢ ትርጉም አለው። ሃይድሮጅንን ለአውሮፕላን ወይም ለመርከብ ነዳጅ ለማድረግ ከሚያስቸግሩት ነገሮች መካከል አንዱ ቅዝቃዜ ነው። አንድ ኪሎ ግራም ሃይድሮጅን 120 ሜጋ ጁል ያህል ኃይል ሲይዝ ናፍጣ 43 ገደማ ብቻ ይይዛል። በመጠነ ይዘት ሲለካ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ሃይድሮጅን ፈሳሽ የሚሆነው ከዜሮ በታች በ253 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆን፣ በዚያ ሁኔታም ቢሆን አንድ ሊትሩ 8.5 ሜጋ ጁል ያህል ብቻ ነው የሚይዘው። የናፍጣ ሊትር ከ35 በላይ ነው። ስለዚህ ሃይድሮጅን የሚጭን መጓጓዣ ትልቅና እንደ ሊንዴ ማሽኖች ካሉ የማቀዝቀዣ ጥበቦች የማይለይ ታንከር ያስፈልገዋል።

ዲዝል በፓሪስ ሳለ ዓመታት የፈጀበት ሌላ ሥራ ነበረው። በእንፋሎት ፈንታ የአሞኒያን ትነት የሚጠቀም ሞተር ለመሥራት ደከመ። አሞኒያን የመረጠው ከማቀዝቀዣ ሥራው በደንብ ስለሚያውቀው ነው። ዛሬ አሞኒያ የመርከብ ነዳጅ ይሆናል ተብሎ ስለሚጠና አንዳንድ ጽሑፎች ዲዝልን የዚህም ፋና ወጊ ሊያደርጉት ይቃጣቸዋል። ይህ ስሕተት ነው። በእርሱ ማሽን ውስጥ አሞኒያው የሚሞቅና የሚስፋፋ ተሸካሚ ብቻ እንጂ የሚቃጠል ነዳጅ አልነበረም። ሥራው ለገበያ የሚበቃ ማሽን ባይወልድም ዲዝልን ስለ ከፍተኛ ግፊትና ስለ ሙቀት አስተማረው፤ ቀስ በቀስም ተሸካሚው ተራ አየር ቢሆንና ነዳጁ በዚያው በሲሊንደሩ ውስጥ ቢቃጠል ወደሚለው ሐሳብ አደረሰው።

በ1890 ከነቤተሰቡ ወደ በርሊን ተዛወረ። በየካቲት 1892 ለአዲሱ ሞተር የባለቤትነት መብት ጠየቀ፤ በቀጣዩ ዓመት የካቲት ወር መብቱ በቁጥር 67207 ተሰጠው። በዚያው በ1893 ንድፈ ሐሳቡን የሚያብራራ መጽሐፍ አሳተመ። ሐሳቡ እንዲህ ነው፦ ፒስተኑ ንጹሕ አየርን ብቻ ስቦ እጅግ አድርጎ ያምቀዋል፤ አየሩ በመታመቁ ብቻ ከነዳጁ የመቀጣጠያ ሙቀት በላይ ይግላል፤ በዚያን ጊዜ ነዳጁ ሲረጭ ያለ ምንም ብልጭታ ይቀጣጠላል። አየሩ ይበልጥ በታመቀ ቁጥር ሙቀቱ ወደ ሥራ የሚለወጥበት መጠን ይጨምራል። በመጀመሪያው ቅርጹ ሐሳቡ በተግባር የማይደረስበት ነበር። የተመደበው ግፊት ከመጠን በላይ ከፍተኛ ሲሆን፣ ሙቀቱ ሳይጨምር ነዳጁ ይቃጠላል የሚለው ግምትም ሞተሩ ለራሱ እንቅስቃሴ እንኳ የሚበቃ ጉልበት እንዳያስገኝ ያደርገው ነበር። ዲዝል ይህን ተረድቶ በኅዳር 1893 ባቀረበው ሁለተኛ ማመልከቻ የቃጠሎውን ሂደት ለወጠ። ተቺዎቹ የተሠራው ሞተር በመጀመሪያው መብት ከተገለጸው የተለየ ነው እያሉ እስከ ዕለተ ሞቱ የከሰሱት በዚህ የተነሣ ነው፤ ክሱም ፍጹም መሠረት የሌለው አልነበረም።

በዚህ ሐሳብ ውስጥ የትኛው ነዳጅ ይሻላል የሚለው ጥያቄ ወደ አንድ ቁጥር ይወርዳል፤ ነዳጁ በራሱ የሚቀጣጠልበት የሙቀት መጠን። ናፍጣ በ250 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይቀጣጠላል። ሃይድሮጅን ወደ 585፣ አሞኒያ ወደ 650 ዲግሪ ይፈልጋል። ቀልጣፋ የሚመስለው ሃይድሮጅን በዲዝል ሞተር ውስጥ ያለ ረዳት አልቀጣጠል የሚለው ስለዚህ ነው። የጠለፋ ብልጭታ ቢደረግለት በቀላሉ የሚነድ ጋዝ በእመቃ ብቻ ለመቀጣጠል ግን አስቸጋሪ ነው።

የሙከራው ሥራ የተካሄደው በአውግስቡርግ የማሽን ፋብሪካ ሲሆን የፋብሪካው መሪ ሃይንሪሽ ቡዝና የክሩፕ ኩባንያ ወጪውን ለመሸፈን ተስማምተው ነበር። ነሐሴ 10 ቀን 1893 ለመጀመሪያ ጊዜ ነዳጅ ሲረጭበት በሲሊንደሩ ውስጥ ወደ 80 ከባቢ አየር የሚደርስ ግፊት ተፈጠረና የግፊት መለኪያው ፈንድቶ ተበታተነ። ዲዝልና ረዳቱ ከጉዳት የተረፉት ለጥቂት ነው። ሞተሩ ወደ ሥራ አልገባም፤ ነገር ግን በእመቃ መቀጣጠል የሚቻል መሆኑ ተረጋገጠ። የካቲት 17 ቀን 1894 ሁለተኛው ቅርጹ ለአንድ ደቂቃ ያህል በራሱ ጉልበት ዞረ። ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመታት የፈጀው ትግል በአብዛኛው ስለ አንድ ጉዳይ ነበር፤ ነዳጁን በታመቀው አየር ውስጥ እንዴት በደንብ በትኖ መርጨት ይቻላል? ዲዝል ያገኘው መፍትሔ ከሲሊንደሩ የበለጠ የታመቀ አየር ነዳጁን እየነፋ እንዲያስገባ ማድረግ ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው ኮምፕረሰር ሞተሩን ከባድና ውድ ስላደረገው የዲዝል ሞተር ለረጅም ጊዜ ከተተከለበት የማይነቀል ወይም በመርከብ ብቻ የሚጫን ማሽን ሆኖ ቆየ። ነዳጁን ያለ አየር የሚረጨው አስተማማኝ ፓምፕ በቦሽ ፋብሪካ በብዛት መመረት የጀመረው እርሱ ከሞተ ከዓመታት በኋላ በ1927 ነው።

የካቲት 17 ቀን 1897 የሙኒኩ ፕሮፌሰር ሞሪትዝ ሽሮተር ሞተሩን በይፋ ፈተነው። ማሽኑ 18 ያህል የፈረስ ጉልበት ሰጠ፤ ከነዳጁ ሙቀት 26.2 በመቶውን ወደ ሥራ ለወጠ፤ ለአንድ የፈረስ ጉልበት በሰዓት 238 ግራም ላምባ ፈጀ። ሊንዴ በክፍል ውስጥ ከጠቀሰው የእንፋሎት ሞተር ጋር ሲነጻጸር ይህ ከእጥፍ በላይ ነው። በሰኔ ወር ውጤቱ በካሰል ከተማ በጀርመን መሐንዲሶች ማኅበር ጉባኤ ላይ ቀረበ፤ በዚያው ዓመት አሜሪካዊው ቢራ ጠማቂ አዶልፈስ ቡሽ የአገሩን የአምራችነት ፈቃድ በአንድ ሚሊዮን ማርክ ገዛ።

ሞተሩ በላምባ ይፈተን እንጂ የዲዝል ቀዳሚ ፍላጎት የድንጋይ ከሰል ዱቄት ነበር። ለጀርመን ኢንዱስትሪ ይህ ተፈጥሯዊ ምርጫ ነው፤ አገሪቱ ከሰል በብዛት ሲኖራት ዘይት ግን አልነበራትም። ዱቄቱ በሞተሩ ውስጥ ለመቃጠል ፈቃደኛ ነበር፤ ሲሊንደሩ ግን አልቻለውም። አመዱ ከማለስለሻ ዘይቱ ጋር ተቀላቅሎ ብረቱን እንደ ሞረድ ይበላዋል። የዲዝል የቀድሞ ባልደረባ ሩዶልፍ ፓቭሊኮቭስኪ ኋላ ለብዙ ዓመታት በዚህ መንገድ ገፍቶበት ሞተር አስነሥቷል፤ የሲሊንደር መበላት ግን ተከተለው። ዲዝልን የአረንጓዴ ነዳጅ ነቢይ ለማድረግ የሚሻ ሰው ይህን የከሰል ምዕራፍ ዘልሎ ማለፍ አይችልም።

ዝናው ከማሽኑ ቀድሞ ሄደ። በ1898 በኬምፕተን ከተማ ለአንድ የክብሪት ፋብሪካ የተተከለው የመጀመሪያው የገበያ ሞተር ደጋግሞ ተበላሸ፤ ፈቃድ የገዙት አምራቾችም አጉረመረሙ። ዲዝል መብቶቹን በ3.5 ሚሊዮን ማርክ ወደ አንድ አክሲዮን ማኅበር ካዛወረ በኋላ ራሱ አውግስቡርግ ውስጥ ያቋቋመው የሞተር ፋብሪካ ከሸፈ። በሥራ ብዛት ተዳክሞም በዚያው ዓመት በሙኒክ አቅራቢያ በሕክምና ማረፊያ ለመቆየት ተገደደ። ያገኘውን ገንዘብ በሙኒክ በሠራው እጅግ ውድ ቤትና ባልተሳኩ የመሬትና የዘይት ንግዶች ላይ አፈሰሰው። መሐንዲሱ ዲዝል ስለ ብክነት የነበረው ጥንቃቄ ወደ ሒሳብ መዝገቡ አልተሻገረም።

ከዚህ ሁሉ መካከል የኦቾሎኒው ታሪክ ይመጣል። በ1900 በፓሪስ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን የፈረንሳዩ ኦቶ ኩባንያ ያሳየው አንድ አነስተኛ የዲዝል ሞተር በኦቾሎኒ ዘይት እንዲሠራ ተደረገ። ጥያቄው የመጣው ከፈረንሳይ መንግሥት ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ በአፍሪካ ቅኝ ግዛቶቹ ኦቾሎኒ በብዛት ይመረት ስለ ነበር ከሰልና ዘይት ከሩቅ ሳያጓጉዝ እዚያው በሚገኝ ነዳጅ ማሽን ማንቀሳቀስ ፈለገ። ሞተሩ የተሠራው ለማዕድን ዘይት ሲሆን ምንም ሳይለወጥበት በኦቾሎኒ ዘይት በሰላም ሠራ፤ ልዩነቱን ያስተዋሉት ጎብኚዎችም ጥቂት ነበሩ። እንግዲህ ሐሳቡ የዲዝል አልነበረም፤ ሞተሩንም ያቀረበው እርሱ አልነበረም። ዓላማውም የአካባቢ ጥበቃ ሳይሆን የቅኝ ገዥ የአቅርቦት ስሌት ነው። ለአፍሪካ ተመራማሪዎች ይህ የመጨረሻው ነጥብ ሊታለፍ የሚገባው አይመስለኝም፤ የመጀመሪያው የዕፅዋት ዘይት ሞተር ሲታሰብ እርሻው የማን፣ ኃይሉስ ለማን እንደሚሆን አስቀድሞ ተወስኖ ነበር።

ይሁን እንጂ ዲዝል ውጤቱን ችላ አላለውም። ኋላ ራሱ ሙከራውን ደግሞ መልካም ሆኖ አግኝቶታል። በሴንት ፒተርስበርግ በጉሎ ዘይት የተደረጉ ሙከራዎችንም ያውቅ ነበር። በመጋቢት 1912 በለንደን ለሜካኒካል መሐንዲሶች ተቋም ባቀረበው ጥናት የዕፅዋት ዘይቶች በዚያን ዘመን ዋጋ ባይኖራቸውም አንድ ቀን እንደ ማዕድን ዘይት ሁሉ ሊፈለጉ እንደሚችሉ ገልጾ፣ የከርሰ ምድር ነዳጅ ቢያልቅ እንኳ ከፀሐይ ሙቀት ኃይል ማግኘት እንደሚቻል አመልክቷል። ይህ በአንድ ሰፊ ጥናት ውስጥ የገባ አጭር አንቀጽ ነው። የጥናቱ ዋና ጉዳይ ለብሪታንያ የሚጠቅመው ከከሰል የሚገኘው የሬንጅ ዘይት ነበር።

የፓሪሱ ማሳያ ያላሳየው ነገርም አለ። የዕፅዋት ዘይት ከናፍጣ ወደ አሥር እጥፍ የወፈረ በመሆኑ በደንብ ተበትኖ አይረጭም፤ ለአጭር ጊዜ ሞተሩ በሰላም ይዞራል፤ ብዙ ሰዓት ሲሠራ ግን የመርጫው አፍ በጥላሸት ይደፈናል፣ የፒስተን ቀለበቶች ይጣበቃሉ። በ1937 የብራስልሱ ተመራማሪ ሻቫን የዘንባባ ዘይትን ከአልኮል ጋር አዋሕዶ የሚያቀጥንበትን ዘዴ በፓተንት ያስመዘገበው ይህን ችግር ለመፍታት ነው። ለአውሮፕላን የሚሆነው ነዳጅ ደግሞ ከዚህም አልፎ ይሄዳል። ዛሬ ከምግብ ዘይትና ከሞራ የሚሠራው የአውሮፕላን ነዳጅ ኦክስጅኑ እንዲወገድለት በሃይድሮጅን መታከም አለበት። ስለዚህ ሃይድሮጅን በክንፍ ሥር ሳይጫን እንኳ በማጣሪያው ውስጥ ያስፈልጋል፤ ሃይድሮጅኑ ከተፈጥሮ ጋዝ ከተገኘ ደግሞ የነዳጁ ንጽሕና በዚያው ልክ ይቀንሳል።

የሞተሩን ነዳጅ በተግባር የወሰነው ከፓሪስ ይልቅ ሩስያ ነው። የአልፍሬድ ኖቤል የወንድም ልጅ ኢማኑኤል ኖቤል በ1898 ፈቃድ ገዝቶ በሴንት ፒተርስበርግ ሞተሩን ማምረት ጀመረ። ቤተሰቡ የባኩ የዘይት ጉድጓዶች ባለቤት ስለ ነበር የፋብሪካው መሐንዲሶች ሞተሩን ከላምባ ወደ ርካሹ ድፍድፍ ዘይት አሸጋገሩት። በ1903 ቫንዳል የተባለችው የቮልጋ ወንዝ ዘይት ጫኝ መርከብ በዲዝል ሞተርና በኤሌክትሪክ ተንቀሳቀሰች። የሞተሩ የባሕር ታሪክ የሚጀምረው ከዚህ ነው፤ ዘይት የሚጭነው መርከብ ዘይት ራሱን እያቃጠለ ሄደ። በ1912 በኮፐንሃገን የቡርማይስተር ኤንድ ቫይን ኩባንያ የሠራት ሴላንዲያ እያንዳንዳቸው 1250 የፈረስ ጉልበት ባላቸው ሁለት ሞተሮች ወደ ባንኮክ ተጓዘች። ጭስ ማውጫ አልነበራትም፤ የተቃጠለው አየር የሚወጣው በምሰሶዋ ውስጥ ነው። በለንደን ስትቆም የባሕር ኃይሉ ሚኒስትር ዊንስተን ቸርችል ራሱ ጎበኛት።

ዲዝል በዚያን ጊዜ የተከበረና የከሰረ ሰው ነበር። መስከረም 29 ቀን 1913 ለንደን ለሚደረግ የኩባንያ ስብሰባ ከሁለት የሥራ ባልደረቦቹ ጋር በአንትወርፕ ወደብ ድሬስደን በምትባል መርከብ ተሳፈረ። መርከቧ በእንፋሎት የምትሄድ ነበረች። ራት በልተው ከምሽቱ አራት ሰዓት ገደማ ተለያዩ፤ ጠዋት እንዲቀሰቅሱትም አዘዘ። በነጋታው አልጋው አልተኛበትም፤ ባርኔጣውና ካፖርቱ በመርከቧ የኋላ መከታ አጠገብ ተጣጥፈው ተገኙ። ከአሥር ቀናት በኋላ የሆላንድ ጀልባ ሠራተኞች አንድ አስከሬን አግኝተው ከኪሱ ያወጡትን የመነጽር ማኅደር፣ ቢላዋና ቦርሳ ይዘው አስከሬኑን ወደ ባሕር መለሱት፤ ልጁ ዕቃዎቹን የአባቱ ናቸው አለ። ለሚስቱ ትቶላት የሄደው ሻንጣ ሃያ ሺህ ማርክና ባዶነታቸውን የሚያሳዩ የባንክ መግለጫዎች ይዞ ነበር፤ በማስታወሻ ደብተሩም በዚያ ቀን ላይ የመስቀል ምልክት ተገኘ። ጋዜጦች ግድያንና ስለላን አንሥተው ብዙ ጻፉ። ከሒሳብ መዝገቡ ጋር የሚስማማው ግን ራሱን አጠፋ የሚለው ነው።

ሞተሩ ከእርሱ በኋላ ወደ አየርም ወጣ። በ1937 የተቃጠለችው ሂንደንቡርግ በሃይድሮጅን ተንሳፋ በአራት የዳይምለር ቤንዝ የዲዝል ሞተሮች የምትገፋ የአየር መርከብ ነበረች፤ ሃይድሮጅኑ ግን ማንሻ እንጂ ነዳጅ አልነበረም። የአውሮፕላን ሞተርነቱን ጄት ሲወስድበት ባሕሩ ግን ለዲዝል ቀረ። በ2023 በኮፐንሃገን ስም የተሰየመላት ላውራ ማርስክ የተባለችው የኮንቴይነር መርከብ ሜታኖል ልታቃጥል በምትችል ሞተር ትሄዳለች፤ የሞተሩን ንድፍ ያወጣው የአውግስቡርግ ፋብሪካ ወራሽ የሆነው ኤም.ኤ.ኤን ሲሆን፣ የቡርማይስተር ኤንድ ቫይንን የሞተር ሥራ በ1980 ጠቅልሎ ይዞታል። ወጣቱ ዲዝል ልምድ በቀሰመባት በቪንተርቱርም የሱልዘርን የመርከብ ሞተር ሥራ የወረሰው ድርጅት በአሞኒያ የሚሠሩ ትላልቅ ሞተሮችን እያዘጋጀ ነው። አሞኒያው እንደ ዲዝል ዘመን ተሸካሚ መሆኑ ቀርቶ አሁን በእርግጥ ነዳጅ ነው። በራሱ ለመቀጣጠል ግን እምቢ ስለሚል በእያንዳንዱ ዑደት ጥቂት ናፍጣ መሰል መለኮሻ አስቀድሞ ይረጭለታል።